ሰባት ቤት የዞረ ሐረግ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቢኒያም በአስፋልቱ ዳር የከፈተውን ካፌ እንድመርቅለት ጠራኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ምርቃት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። መርቄ ስጨርስ ቀና ብል ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል ሐረግ ለብሷል። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ባለ አምስት ጫፍ፣ ላዩ ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች የተሰመሩበት። አወቅሁት። ተነሥቼ አንዷን ቅጠል በሁለት ጣቶቼ መሐል አሸሁ። ይህ ሐረግ ሲታሽ መራራ ሽታ አለው፤ ዝናብ የመታው አሮጌ የድንጋይ ካብ ይሸታል። የቢኒያም ግን አዲስ የላስቲክ ጫማ ሸተተኝ።

«ላስቲክ ነው እንዴ?» አልኩት።

«እውነተኛው እኮ በዚህ ሙቀት አይኖርም፣ ጋሼ ደምሴ» አለኝ። «ስልኬ ላይ አንብቤያለሁ። የብርድ አገር ተክል ነው።»

ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ይህችን አነጋገር ልጅ ሳለሁ ከዚህ ልጅ አያቶች አፍ ሰምቻታለሁ። ያኔም አልተቀበልኳትም፣ ዛሬም አልቀበላትም። ከጣርማ በር ግርጌ እስከ ካራቆሬ ይህን ሐረግ ቤት ውስጥ ያሳደገ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከአንተ በፊት ነበርኩ የሚል ካለ ቤቴ ይታወቃል፤ ይምጣና እንከራከር። ባለቤቴ ይህን ስጽፍ በትከሻዬ በኩል እያነበበች «ደግሞ ጀመረው» ትላለች። ትበል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በከባድ መኪኖች ጎን ላይ ነው። እናቴ ብርቄ ሾፌሮች የሚያድሩባቸው ጥቂት አልጋዎች ነበሯት። መኪኖቹ በራችን ላይ ሲቆሙ የተጻፈባቸውን እያየሁ፣ ጎማ የሚፈትሸውን ሁሉ «ይቺ ማን ናት? ያቺስ?» እያልኩ ነው ሀሁን የለቀምኩት። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። እንዲህ የተማረ ሰው ታዲያ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ቃሉን ያውቀዋል፣ ቃሉ ስንት ፊት እንዳለው ግን የሚነግረው የለም። «ሐረግ» የምትባለው ቃል ያገኘችኝ በዚህች ቀዳዳ ገብታ ነው።

የሰፈራችን ትልቅ ሰው ግራዝማች ደገፉ ነበሩ። የወረዳችን የቀወት ሰው የዘር ቆጠራ ሁሉ በእሳቸው ራስ ውስጥ ነው ይባላል። ጋብቻ ሲታሰብ ልጁና ልጅቷ እስከ ሰባት ቤት እንደማይገናኙ እሳቸው ቆጥረው ካላረጋገጡ ሽማግሌ አይላክም። በየዓመቱ በመስቀል ዕለት፣ የደመራው አመድ ገና ሳይበርድ፣ ልጆችን በግቢያቸው ካለው ሾላ ሥር አሰልፈው በከዘራቸው እየጠቆሙ «ቁጠር» ይላሉ። ልጁ የራሱን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን እያለ እስከ ሰባት ይወጣል። በትክክል የቆጠረ ሸንኮራ ይሰጠዋል።

እኔ አባቴን አላውቀውም። እናቴን ስጠይቃት «መንገደኛ ነበር፣ መንገድ ወሰደው» ትለኝ ነበር። እኔም አስፋልቱ እንደ ጎርፍ ሰው የሚወስድ እየመሰለኝ ስሻገር እሮጥ ነበር።

በዚያ መስቀል ተራዬ ደረሰና «ደምሴ» ብዬ ቆምኩ።

«የማን?» አሉ ግራዝማች።

«የብርቄ።»

ልጆቹ ሳቁ። ግራዝማች አልሳቁም፤ ያ ነበር የባሰው። ከዘራቸውን ወደ ቀጣዩ ልጅ እያዞሩ «ተወው፣ እሱ ሐረግ የለውም» አሉ። ቀጣዩ ልጅ ሰባቱንም አንበልብሎ ሲጨርስ ደስ አላቸውና ለተሰበሰበው ሰው ዞር ብለው «የእነዚህ ሐረግ ከአንኮበር ነው የሚወርደው» ሲሉ ሰማሁ።

እኔ የማውቀው ሐረግ አጥር ላይ የሚሳበውን ነው። ስለዚህ ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየኝ። የተከበረ ሰው ቤት ውስጥ ከአንኮበር ተራራ ገደል ለገደል እየተሳበ ወርዶ የገባ ረጅም ተክል አለ፤ እኛ ቤት የለም። ከሰዓት በኋላ የዚያን ልጅ ቤት በጓሮ ዞርኩት። ምንም የገባ ነገር አጣሁ። በመሬት ውስጥ ይሆናል የገባው ብዬ ተመለስኩ።

እናቴ የሾፌሮች ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። «እማ፣ የእኛ ሐረግ ለምን አልወረደም?» አልኳት። ካውያውን አስቀመጠችና በጓሮ በር ወጣች። ልትፈልገው የሄደች መስሎኝ ተከተልኳት። በርሜሉ አጠገብ ፊቷን ስትታጠብ አገኘኋት።

በሚመጣው መስቀል ሐረጌን ይዤ ሾላው ሥር እንደምቆም ያን ዕለት ለራሴ ማልኩ። እኔ ደግሞ ከማልኩ ማልኩ ነው።

ከደንበኞቻችን አንዱ ጋሼ ተክሌ ነበሩ፤ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን ከባድ መኪና የሚነዱ፣ ሆዳቸው ከመሪው ጋር የሚጣላ፣ ቀልድ ከጀመሩ ሳይጨርሱ የማይተዉ ሰው። ከአንኮበር ሐረግ እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። እስኪያለቅሱ ሳቁና «ሺ ጊዜ!» ብለውኝ ሄዱ። አንኮበር በመንገዳቸው ላይ አልነበረም። ደብረ ሲና ሲያድሩ ግን አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ግድግዳ የሸፈነ ሐረግ አይተው ክንድ የሚያህል ቀነጠቡልኝ፤ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ከተው ጋቢናቸው ውስጥ አስቀመጡና ረሱት። ሐረጉ ከመኪናው ጋር ደሴ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሲመላለስ ከረመ፤ አንድ የጥቅምት ቀን ጋሼ ተክሌ በራችን ላይ ቆሙ። «እንካ ሐረግህን፤ ከደጋ ወረደልህ» አሉኝ። ጣሳው ውስጥ ነጭ ጢም አብቅሎ ነበር። ሥር መሆኑን አላወቅሁም፤ ያረጀ ሐረግ መሰለኝና የበለጠ አከበርኩት።

ሰፈሩ መሳቂያ አገኘ። ይሄ የብርድ ተክል ነው፣ በቆላ አንድ ሳምንት አይከርምም አሉኝ። አንዱ ሾፌር ደግሞ ደገኛ ቆላ ሲወርድ መጀመሪያ የሚገድለው ወባ ነው አለ። ቀልዱን መች ገባኝ! ቢንቢ እንዳይነድፈው የእናቴን ነጠላ እያለበስኩ አሳድረው ጀመር።

ያልሳቁት እትዬ ፋጡማ ብቻ ነበሩ። ከአሊዩ አምባ መጥተው ከእኛ አጠገብ የሚኖሩ የአርጎባ ሴት ናቸው፤ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ሲናገሩ ሰው አያቋርጣቸውም። የእሳቸው ቤት ብቻ ከድንጋይ የተሠራ ነበርና ስትገባ ከመንገድ ሐሩር ጉድጓድ ውስጥ የወረድክ ይመስልሃል። ሐረጌን ላሳያቸው ይዤ ሄድኩ። ተቀበሉኝ፣ አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ ከመሐሉ ቀጭ አደረጉት። እሪ አልኩ።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አሉኝ። «ግማሹ እናትህ ቤት፣ ግማሹ እኔ ቤት። ኢንሻአላህ ከሁለት አንዱ ይተርፋል።»

የእኔው ድርሻ ኅዳር ሳያልቅ ሞተ። የገደለው የቆርቆሮ ጣሪያችን ነው። ባለቤቴ ውሃ አብዝተህበት ነው ትላለች፤ እሷ እዚያ አልነበረችም። የእትዬ ፋጡማ ግን ተረፈ። ውሃ የሚያጠራቅሙበት ትልቅ ጋን ነበራቸው፤ ቀን ቀን ገላው ላብ ያወጣል፣ ዙሪያው ይቀዘቅዛል። የዘይት ቆርቆሮ ሥሩን በሚስማር በስተው፣ አፈርና የወንዝ አሸዋ ደባልቀው፣ ከጋኑ ጎን ተከሉት። ብርሃን ያያል፣ ፀሐይ አይነካውም። ውሃ ላጠጣ በመጣሁ ቁጥር እጄን ይይዙና «መጀመሪያ ጣትህን ጠይቀው» ይሉኛል። ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ፤ ከቀዘቀዘኝ ውሃ የለም፣ ከደረቀብኝ አለ። ዛሬ ቢኒያም ከስልኩ የሚያነበውን እኔ ከጣቴ ጫፍ ነው ያነበብኩት።

ጥር ላይ ደረቁ ነፋስ ሲነሣ በቅጠሎቹ መሐል ስስ ድር ታየ። ሸረሪቶች ለጥበቃ የመጡ መስሎኝ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ቅጠሉ አመድ ለበሰ። እትዬ ፋጡማ ዓይናቸው ጥሩ ነበር፤ ከበርበሬ ፍሬ ያነሱ ቀይ ነገሮች ከቅጠሉ ጀርባ ሲርመሰመሱ አሳዩኝ። ያልተነካውን ጫፍ ቆረጡ፣ በሳሙና ውሃ አጠቡ፣ ለልብስ ሰፊው ለሰይድ ውሰድ አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቅብብሎሽ ሆነ። ሰይድ ሱቅ ውስጥ፣ ከተሰቀለ ኮት አጠገብ ሥር ያዘ፤ ሚያዝያ ሲገባ ግን ካውያውና ሙቀቱ ተባብረው የቅጠሉን ጠርዝ ጠበሱት። ጫፉን በጨርቅ መቀስ ቆርጦ ሰጠኝና ወደ ባለወፍጮው ወደ መንገሻ ሮጥኩ። የወፍጮ ቤቱ ግንብ ወፍራም ነው፣ ጥላ አለው። መንገሻ ሞተሩን የለመደ ሰው ስለሆነ ከደጅም ቢሆን እየጮኸ ነው የሚያወራው፤ «ያንተ ዘመድ ዱቄት በልቶ ወፈረ!» ይለኝ ነበር። ቅጠሉ በየቀኑ ነጭ ይሆናል፣ እኔም በየቀኑ አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። እጄ አሳክኮኝ ቆሰለ። ጭማቂው እንደሚያሳክክ ያወቅሁት በዚያ ነው፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያገኘሁት።

ግንቦት ሲመጣ ወፍጮ ቤቱም ምድጃ ሆነ። የቀረችኝ አንዲት ጫፍ ናት። እሷን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ሮቢ ወንዝ ዳር ወደሚኖሩት ወደ አባ ቦሩ ወረድኩ። አባ ቦሩ ከካራቆሬ በኩል የመጡ፣ ማንጎና ፓፓያ የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው። የሣር ቤታቸው ከማንጎ ሥር ነው፤ ከቀትር በኋላ እንኳ አፈሩ ለእግር ይቀዘቅዛል። ፍየላቸው አንዲት ቅጠል ቀምሳ ወዲያው ተፋች፤ እኔም ለሐረጌ ኮራሁ።

ሐረጉ እዚያ ጠና። ሰኔን ተሻገረ። አንድ ቀን ቅጠሉን እያጠብኩ ለአባ ቦሩ መፎከር ጀመርኩ፤ መስቀል ሲመጣ ይህን ተሸክሜ ግራዝማች ፊት እንደምቆም፣ ሐረግ የለውም ያሉኝን እንደማሳፍር። አባ ቦሩ ማሾ እየለቀሙ ነበር። ቆም አሉ።

«በእኛ በኦሮሞ አፍ ሂዳ እንለዋለን» አሉ። «ሂዳ ሥርም ነው። ሂዳ ዘርም ነው። በእናንተም ያው ነው፣ ልጄ። ግራዝማች ያሉህ ይሄን ቅጠል አይደለም። አባትህን፣ የአባትህን አባት ነው።»

ለምን ልጆቹ እንደሳቁ፣ እናቴ ለምን ፊቷን እንደታጠበች፣ ጋሼ ተክሌ ለምን እስኪያለቅሱ እንደሳቁ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። ዓመት ሙሉ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን ያላወቅሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐረጉ ያለበትን ቆርቆሮ አንሥቼ ልጥለው ወንዙ ዳር ሄድኩ። አባ ቦሩ አልከለከሉኝም። ከኋላዬ «ውሃው ጥሩ ነው፣ በደንብ ይወስደዋል» ብቻ አሉኝ።

ቁልቁል ሳይ ሐረጉ በዚያች ሳምንት አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ገና ያልተፈታ፣ እንደ ጨቅላ ጡጫ የተጨበጠ። ብርድ አገር ነው የተወለደው። መኪና አንገላቶታል፣ ተባይ በልቶታል፣ ካውያ ጠብሶታል፣ ዱቄት ቀብሮታል። ሁሉም አይኖርም ብሎታል። እሱ ግን ቅጠል እያወጣ ነው። የእነሱ ሐረግ ወሬ ነው አልኩ በልቤ፤ የእኔ ቅጠል አለው። ጫፉን ቆርጬ ወደ እናቴ ቤት ይዤ ወጣሁ።

ክረምት ነበርና ዝናቡ ቆርቆሯችንን አቀዘቀዘው። ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ከመስኮቱ ተራራው ይታያል። አገሩን ሲያይ ወደዚያ ይዘረጋል፣ ወደ ደብረ ሲና ፊቱን ያዞራል ብዬ ጠበቅሁ። ቅጠሎቹ ወደ ብርሃኑ ዞሩ፣ እውነት ነው። ግንዱ ግን ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ወደ ውስጥ መጣ። ጨለም ያለውን የጭቃ ግድግዳችንን ዳበሰ፣ ጥቃቅን ጥፍሮቹን ሰክቶ ያዘና መውጣት ጀመረ። እናቴ ብርቄ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እኛን መረጠ» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ነጠላዋን ለማልበስ አላስፈቀድኳትም።

መስቀል ደረሰ። ከግድግዳው እንዳይበጠስ አዲስ የወጣውን ቅርንጫፍ በሌላ ቆርቆሮ ተክዬ ነበርና እሱን በራሴ ተሸክሜ ሾላው ሥር ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ቆርቆሮውን መሬት አስቀመጥኩ።

ግራዝማች «ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?» አሉ።

«ልቆጥር ነው» አልኩ። «ይሄ የብርቄ ቤት ነው። የብርቄ ቤቱ ከአባ ቦሩ ቤት መጣ። የአባ ቦሩ ከመንገሻ ወፍጮ ቤት። የመንገሻ ከሰይድ ቤት። የሰይድ ከእትዬ ፋጡማ ቤት። የእትዬ ፋጡማ ከጋሼ ተክሌ ቤት። የጋሼ ተክሌ ከደብረ ሲናው የድንጋይ ቤት። ሰባት።»

ልጆቹ መሳቅ ጀምረው ነበር፤ ስሞቹ ሲደራረቡ ሳቁ ተነነ። ሰይድና መንገሻ እዚያው ቆመዋል። እትዬ ፋጡማ ሊያዩ መጥተው በራፉ ላይ ነበሩ፤ «ወላሂ ሐቁን ነው» አሉ፣ ጮክ ሳይሉ።

«ጋሼ ተክሌ የት ነው ቤታቸው?» አሉ ግራዝማች።

«መኪናቸው።»

«መኪና ቤት ነው?»

«የሚያድሩት እሱ ውስጥ ነው።»

ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን በእኔ ላይ አልነበረም። ግራዝማች ከዘራቸውን መሬት ወጉ። «ስማ አንተ ልጅ፤ ይሄ ቅጠል ነው። ዘር አይደለም።»

«የእርስዎስ የታለ?» አልኳቸው። «ያሳዩኝ።»

እናቴ ከኋላ «ደምሴ» አለች። እኔ ግን ያልኩትን አላጠፍኩም። ግራዝማች ጎንበስ ብለው አንዲት ቅጠል ቀጠፉ፣ አሹ፣ አሸተቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ቁጥር ላይ መዋሸት አልቻሉም። «ቆጠራው ልክ ነው» አሉና ከዘራቸውን ወደ ቀጣዩ አዞሩ። ሸንኮራ አልሰጡኝም። እናቴ ሸንኮራውን በመንገድ ገዛችልኝና እስከ ቤት እየላጠች እያቀበለችኝ ሄድን፤ በአስፋልቱ ስንሻገር አልሮጥኩም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የግራዝማች የልጅ ልጅ ባዶ ጣሳ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። አያቷ ቁራጭ ስጠኝ ብለው ልከዋታል። እኔ እንዲህ በቀላሉ የምሰጥ መሰላት።

«እናንተ ከሰባት ቤት ውጭ ናችሁ» አልኳት።

እሷም አላቀረቀረችም። የማን የልጅ ልጅ ሆና! «ከሰባት ቤት ውጭ ከሆንንማ ባዕድ ነን» አለች። «ባዕድ ደግሞ ይጋባል።» ሁለት ቁራጭ ቆርጬ ሰጠኋት።

ባለቤቴ እዚህ ላይ ስትደርስ «እንዲህ አላልኩም» እያለች ነው። ብላለች። እስከ ዛሬም ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ ትላለች፤ እሱንስ አልክድም።

በዚህ በእኛ አገር በየዘመኑ «አንተ የማን ነህ?» የሚል ጠያቂ ይነሣል። አንዳንዱ በጨዋታ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ክፉ ዓይን ይዞ። እኔ ለሁሉም መልሴ አንድ ነው። ቤት ግባ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለውን እይ፣ ከዚያ የአንተን አሳየኝ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ጫፍ ቆርጬ፣ የዘይት ቆርቆሮ በስቼ ተከልኩ። ነገ ለቢኒያም እወስድለታለሁ። ከቡና ማሽኑ አርቀህ፣ ከውሃ ማጣሪያው ጎን አስቀምጠው፣ ጣትህን ጠይቀው እለዋለሁ። በዚህ ሙቀት አይኖርም ካለኝ አልከራከረውም። ቢደርቅበት ሌላ አመጣለሁ። ያም ቢደርቅበት ሌላ።